በእናት ወይም በአያት በኩል የዩክሬን ዜግነት ለመጠየቅ፦ ከየት ይጀመራል?

የዩክሬን የዜግነት ሕግ «አያትህ ዩክሬናዊት ነበሩ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። «አያትህ የት ተወለዱ? የት ኖሩ?» ነው የሚለው። ብዙ ሰው የሚሳተው እዚህ ላይ ነው። የቤተሰብ ፎቶ ያሰባስባል፣ የአያቱን ጥልፍ ሸሚዝ ያወጣል፣ ዘመድ በምስክርነት ይጠራል። ቆንስላው ግን የሚፈልገው የቦታ ስም ያለበት ወረቀት ነው።

ጉዳዩ የእኛን ሰው የሚመለከተው ብዙዎች ከሚያስቡት በላይ ነው። በደርግ ዘመን ብዙ ኢትዮጵያውያን ለትምህርት ወደ ሶቭየት ኅብረት ሄደዋል። ኪየቭ፣ ካርኪቭ፣ ኦዴሳ፣ ዶኔትስክ የተማሩ አሉ። እዚያው አግብተው ወልደው የተመለሱም አሉ። ልጆቻቸው ዛሬ አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ይኖራሉ። እስራኤል ውስጥም ከዩክሬን ከመጣ ቤተሰብ ጋር የተጋቡ ቤተ እስራኤላውያን አሉ። ጽሑፉ ለእነዚህ ልጆችና የልጅ ልጆች ነው። (ኢትዮጵያዊ ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መጀመሪያ፦ መስመራችሁን ለዩ

መሠረቱ በጃንዋሪ 18 ቀን 2001 የወጣው የዩክሬን ዜግነት ሕግ ነው። ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ተሻሽሏል። እናንተ ግን በዋናነት ሁለት አንቀጾች ይበቋችኋል፤ 7 እና 8።

አንቀጽ 7 በልደት ስለሚገኝ ዜግነት ነው። ስትወለዱ ከወላጆቻችሁ አንዳቸው የዩክሬን ዜጋ ከነበሩ፣ የትም ተወለዱ የት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዜጋ ናችሁ። ስለዚህ የምትሄዱት ዜግነት ለመጠየቅ አይደለም። ያላችሁን ለማስመዝገብ ነው። በ1998 አዲስ አበባ የተወለደች፣ እናቷ በወቅቱ የዩክሬን ዜጋ የነበረች ልጅ በዚህ መስመር ትሄዳለች።

አንቀጽ 8 የቦታው መስመር ነው። እናንተ ራሳችሁ፣ ወይም ከወላጆቻችሁ አንዱ፣ ወይም አያታችሁ፣ ወይም ወንድም እህታችሁ ከኦገስት 24 ቀን 1991 በፊት ዛሬ ዩክሬን በሆነው ግዛት ከተወለዳችሁ ወይም በቋሚነት ከኖራችሁ በር አለ ማለት ነው። ኦገስት 24 ዩክሬን ነፃነቷን ያወጀችበት ቀን ነው።

አሁን ወጥመዱን ልንገራችሁ። «እናቴ የኪየቭ ልጅ ናት፣ ስለዚህ የዩክሬን ዜጋ ናት» የሚል ሰው ብዙ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ነፃነት ሲታወጅ ዜጋ የሆኑት በዕለቱ ዩክሬን ውስጥ በቋሚነት ይኖሩ የነበሩ የሶቭየት ዜጎች ናቸው። በ1984 ባሏን ተከትላ አዲስ አበባ የገባች ሴት በ1991 ዩክሬን ውስጥ አልነበረችም። ቀይ የሶቭየት ፓስፖርቷን እንደያዘች አገሩ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ የዩክሬን ፓስፖርት አውጥታ ሊሆን ይችላል፣ የሩሲያ አውጥታ ሊሆን ይችላል፣ ጭራሽ ምንም ሳታወጣ ቀርታም ይሆናል። ስለዚህ እናታችሁን ወይም ወረቀቶቿን ጠይቁ፦ ከ1991 በኋላ የያዘችው የመጀመሪያ ፓስፖርት የየት አገር ነው? እናንተ ስትወለዱስ የቱን ይዛ ነበር? መልሱ «ዩክሬን» ካልሆነ አንቀጽ 7ን እርሱትና ወደ 8 ኑ። ለ8 የእናታችሁ ፓስፖርት አያስጨንቅም። ኪየቭ መወለዷ ይበቃል።

የቦታው ሕግ ሰፊ ነው፤ አንዳንዴ ያስገርማል። ኦዴሳ የተወለዱ አያት አይሁዳዊት፣ ሩሲያዊት፣ ግሪካዊት ወይም ፖላንዳዊት ቢሆኑ ይቆጠራሉ። በሶቭየት ፓስፖርት ላይ «ብሔር» በሚለው መስመር የተጻፈው ለአንቀጽ 8 ለውጥ አያመጣም። በአንጻሩ ካዛኪስታን የተወለዱና ዩክሬን ኖረው የማያውቁ ሙሉ ዩክሬናዊ አያት በዚህ አንቀጽ አይጠቅሟችሁም።

ወንድምና እህት መቆጠራቸውንም ልብ በሉ። በእናት ወይም በአባት ብቻ የሚገናኙም ይቆጠራሉ። ታላቋ ካርኪቭ፣ ታናሹ አዲስ አበባ ከተወለዱ፣ የታላቋ የልደት ወረቀት ለታናሹ ያገለግላል። በሕጉ ቃል መሠረት ደግሞ ሁለቱም ወላጆቹ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የነበሩ፣ እሱ ግን በ1986 ኪየቭ የተወለደ ሰው «ራሱ የተወለደ» በሚለው ይገባል።

«እኔ ራሴ ዶኔትስክ 6 ዓመት ተምሬያለሁ፣ አይቆጠርልኝም?» የሚሉ አባቶች አሉ። ሕጉ የሚለው ቋሚ ኑሮ ነው። የተማሪ ኑሮ ጊዜያዊ ነው። አይቆጠርም።

ሁለተኛ፦ ወረቀት ከማሯሯጣችሁ በፊት ዋጋውን ተነጋገሩ

ብዙ መመሪያ ይህንን መጨረሻ ላይ ያስቀምጠዋል። እኔ ወደፊት አምጥቼዋለሁ፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ሐሳቡን የሚቀይር ሰው ገንዘቡንም ጊዜውንም ያተርፋል።

አንደኛው የኢትዮጵያ ዜግነታችሁ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ግልጽ ነው። በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። በትውልድ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅም ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ካላሳወቀ ተመሳሳይ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀራችሁ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርድ ነው። ቢጫ ካርድ ብዙ ነገር ይሰጣል። መምረጥና መመረጥ ግን አይሰጥም።

ከዩክሬን በኩልም ጥያቄ አለ። ለረዥም ጊዜ ሕጉ የውጭ ዜጋ ሲያመለክት «የያዝኩትን ዜግነት እተዋለሁ» የሚል የግዴታ ወረቀት እንዲፈርም ያስገድድ ነበር። በጁን 2025 ፓርላማው የጥምር ዜግነት ሕግ አጸደቀ። ፕሬዚዳንት ዜሌንስኪ በጁላይ ፈረሙበት፣ በጃንዋሪ 2026 በሥራ ላይ ዋለ። ግን ለሁሉም አይደለም። መንግሥት ለመረጣቸው አገሮች ዜጎች ነው። በመጀመሪያ ይፋ የተደረጉት አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ጀርመን፣ ፖላንድና ቼክ ናቸው። ስለዚህ የአሜሪካ ዜግነት ያለው ሐበሻና የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ወንድሙ በአንድ አያት በኩል ቢያመለክቱ እንኳ የሚፈርሙት ወረቀት ይለያያል። ዝርዝሩ የሚሻሻል ስለሆነ በምታመለክቱበት ሳምንት ያለውን ተመልከቱ። የሩሲያ ፓስፖርት ያለው ሰው ግን ጥምር ዜግነቱን ተስፋ አያድርግ። ሕጉ ለወራሪው አገር ዜጎች ዝግ ነው።

ሁለተኛው ጦርነቱ ነው፤ በተለይ ለወንዶች። ዩክሬን ከፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ጀምሮ በወታደራዊ አዋጅ ሥር ናት። ዕድሜያቸው ለውትድርና የደረሰ ወንድ ዜጎች እስከ 60 ዓመት ድረስ ከአገር መውጣት ተከልክለዋል። በኦገስት 2025 ከ18 እስከ 22 ላሉት ብቻ ተፈቀደ። ለውትድርና የሚጠራበት ዝቅተኛ ዕድሜ በ2024 ከ27 ወደ 25 ወርዷል። ከሜይ 2024 ወዲህ ደግሞ ለውትድርና ዕድሜ የደረሰ ወንድ ውጭ አገር ባለ ቆንስላ ፓስፖርት ሲጠይቅ የወታደራዊ ምዝገባ ወረቀቱን ይጠየቃል። «እኔ አሜሪካዊ ነኝ» ማለት ድንበሩ ላይ አያድንም። የዩክሬን ሕግ በዩክሬን ፊት ዩክሬናዊ ብቻ አድርጎ ነው የሚያያችሁ፤ ሌላ ስንት ፓስፖርት ብትይዙ። የ30 ዓመት ወንድ ከሆናችሁና የኪየቭ አክስታችሁን ለመጠየቅ ካሰባችሁ፣ ዜጋ ሆኖ መግባትና በውጭ ፓስፖርት መግባት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ሦስተኛው በደላሎች የሚነዛ ወሬ ነው። «የዩክሬን ፓስፖርት ካወጣህ አውሮፓ ትኖራለህ» ይላሉ። ውሸት ነው። ባዮሜትሪክ የዩክሬን ፓስፖርት ከጁን 2017 ጀምሮ ያለ ቪዛ ወደ ሸንገን አገሮች ያስገባል። ግን በ180 ቀን ውስጥ ለ90 ቀን ነው፤ መሥራት አያስችልም። የአውሮፓ ኅብረት ለዩክሬናውያን የሰጠው ጊዜያዊ ከለላ ደግሞ ከፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 በፊት ዩክሬን ውስጥ ይኖሩ ለነበሩ ነው። ትናንት አዲስ አበባ ተቀምጦ ፓስፖርት ላወጣ ሰው የተዘጋጀ አይደለም።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁ አሁንም የምትፈልጉት ከሆነ እንቀጥል።

ሦስተኛ፦ ቦታውን በዛሬው ካርታ ላይ አግኙት

ቤተሰብ የሚያስታውሰው የከተማ ስም ዛሬ ላይኖር ይችላል። ስታሊኖ በ1961 ዶኔትስክ ተባለ። ስታኒስላቭ በ1962 ኢቫኖ ፍራንኪቭስክ ሆነ። ፕሮስኩሪቭ ከ1954 ጀምሮ ክመልኒትስኪ ነው። በሶቭየት ዘመን ለረዥም ጊዜ ዥዳኖቭ የተባለው ማሪዩፖል ነው፤ ቮሮሺሎቭግራድ የተባለው ሉሃንስክ። ድኒፕሮፔትሮቭስክ በ2016 ድኒፕሮ ሆነ፣ አርቴሚቭስክም በዚያው ዓመት ባክሙት ወደሚለው የድሮ ስሙ ተመለሰ። ልቪቭን አንድ ቤተሰብ ሌምበርግ፣ ሌላው ልቩፍ፣ ሦስተኛው ልቮቭ ብሎ ሊጠራው ይችላል። በኦስትሪያ፣ በፖላንድና በሶቭየት ዘመን የነበረው ስም ነው።

ከተማው ሳይሆን መንደር ከሆነ የአውራጃውን ስም ካልያዛችሁ አትሄዱም። ኢቫኒቭካ የሚባል መንደር ለምሳሌ አገሩን ሞልቶታል። መንደር፣ ራዮን (አውራጃ)፣ ኦብላስት (ክፍለ ሀገር)፤ ሦስቱን አንድ ላይ ጻፉ።

የግዛቱ ትርጉም ከዛሬው ድንበር ትንሽ ይሰፋል። ሕጉ ከ1917 በኋላ ለአጭር ጊዜ የቆሙትን የዩክሬን ሕዝባዊ ሪፐብሊክንና የምዕራብ ዩክሬን ሕዝባዊ ሪፐብሊክን፣ በኋላም የሶቭየት ዩክሬንን ግዛቶች ይጨምራል። ከ1924 እስከ 1940 ቲራስፖል በሶቭየት ዩክሬን ሥር ነበረች፤ ዛሬ ሞልዶቫ ውስጥ ናት። ክራይሚያም ትቆጠራለች። በ1979 ሲምፈሮፖል የተወለደ ሰው የዛሬው ወረራ መብቱን አይቀንስበትም። የሚያስቸግረው ወረቀቱን ማግኘት ነው።

አራተኛ፦ የልደት ወረቀቱን ማውጣት

ከሁሉም ረጅሙ ይህ ነው። የሥራው ሦስት አራተኛ እዚህ ነው ብላችሁ ተዘጋጁ።

ኦርጂናል የሶቭየት የልደት ምስክር ወረቀት ቤት ውስጥ ካለ ግማሹን ጨርሳችኋል። ጠንካራ ሽፋን ያላት ትንሽ ደብተር መሰል ነገር ናት፤ ብዙውን ጊዜ በዩክሬንኛና በሩሲያኛ ተጽፋለች። ላሚኔት አታድርጓት። ላሚኔት የተደረገ ወረቀት ማኅተሙ ስለማይዳሰስ ብዙ ቢሮ አይቀበለውም።

ከሌለስ? አባቶቻችን ዛግስ ይሉት የነበረው የክብር መዝገብ ቢሮ አሁንም አለ፤ ዛሬ ድራትስ ይባላል። ከእሱ ሁለት ነገር መጠየቅ ይቻላል። አንዱ ምትክ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። ሌላው ከመዝገቡ የሚወጣ ሙሉ ቃል ነው፤ በዩክሬንኛ ቪትያህ ይባላል። ከተቻላችሁ ሁለቱንም ጠይቁ። ሙሉ ቃሉ በኋላ የተደረገ የስም ለውጥና እርማት ሊያሳይ ስለሚችል ከምስክር ወረቀቱ ይበልጥ ይናገራል።

የሚጠየቀው በሦስት መንገድ ነው። ባላችሁበት አገር ባለው የዩክሬን ቆንስላ በኩል፤ ዘገምተኛ ነው፣ ግን አስተማማኝ ነው። ዩክሬን ባለ ዘመድ በኩል፤ ዝምድናው በወረቀት መታየት አለበት። ወይም ለጠበቃ ውክልና በመስጠት። ውክልናው በኖታሪ ተረጋግጦ፣ ሕጋዊ ተደርጎ፣ ወደ ዩክሬንኛ መተርጎም አለበት። ውክልና ስትሰጡ ሥልጣኑን አጥብቡት። «የልደት፣ የጋብቻና የሞት ሰነዶችን እንዲያወጣ» በቂ ነው። «ማንኛውንም ጉዳይ» የሚል ውክልና በማታውቁት አገር ለማታውቁት ሰው አትስጡ።

መዝገቦቹ በክብር መዝገብ ቢሮ የሚቆዩት 75 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ወደ መንግሥት ቤተ መዛግብት ይተላለፋሉ። ስለዚህ በ1962 የተወለዱ እናት ወረቀት ድራትስ ነው ያለው። በ1931 የተወለዱ አያት ግን የኦብላስቱ ቤተ መዛግብት ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ። ከዚያም ወደ ኋላ ከሄዳችሁ የመንግሥት መዝገብ የለም፤ የቤተ ክርስቲያን የክርስትና መዝገብ ወይም የምኩራብ መዝገብ ነው። በሩሲያ ግዛት የነበረው በሩሲያኛ ተጽፏል፤ በኦስትሪያ ሥር የነበረው ጋሊሺያ ብዙውን ጊዜ በላቲን። የጋሊሺያው ትልቅ ክፍል ልቪቭ ባለው ማዕከላዊ የታሪክ ቤተ መዛግብት ይገኛል። የማዕከላዊው ዩክሬን ኪየቭ ባለው አቻው። ፋሚሊሰርች የሚባለው ነፃ ድረ ገጽ ከእነዚህ መዝገቦች ብዙ ፎቶ አንስቶ አስቀምጧል። ጠበቃ ከመቅጠራችሁ በፊት እዚያ ፈልጉ። ያገኛችሁት ፎቶ ግን ማስረጃ አይሆንም። የሚጠቅማችሁ የመዝገቡን ቁጥርና ገጽ ይዛችሁ ቤተ መዛግብቱን በማኅተም እንዲያረጋግጥላችሁ ለመጠየቅ ነው።

ቀኖች ላይ ተጠንቀቁ። በሩሲያ ግዛት እስከ 1918 የሚጻፈው በጁሊያን ቀመር ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከጎርጎርዮሳዊው በ13 ቀን፣ በ19ኛው በ12 ቀን ወደ ኋላ ይቀራል። ገናን ከእኛ ጋር በጃንዋሪ 7 ያከብሩ የነበሩትም ለዚህ ነው። በ2023 ወደ ዲሴምበር 25 አዛወሩት፤ ትንሽ ቅር ይላል። ለማንኛውም የመዝገቡ ቀንና የመቃብር ድንጋዩ ቀን በ13 ቢለያዩ አትደንግጡ፣ ለቆንስላውም በአንድ መስመር አስረዱ።

ያልተረፈም አለ። በ2003 ካምያኔትስ ፖዲልስኪ ያለው ቤተ መዛግብት ላይ እሳት ተነስቶ ብዙ ጠፍቷል። በ2022 መኸር የሩሲያ ጦር ከኼርሶን ሲወጣ የቤተ መዛግብቱን ትልቅ ክፍል ጭኖ ሄዷል። በተያዙ አካባቢዎች ያሉ የክብር መዝገቦች እጅ አይገቡም። ያኔ ሁለት ነገር ይቀራል። መጀመሪያ መረጃው በኤሌክትሮኒክ የመንግሥት መዝገብ ገብቶ እንደሆነ ማስጠየቅ ነው። ካልገባ ደግሞ የዩክሬን ፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤት የልደትን ቦታ ወይም ዝምድናን በሌሎች ማስረጃዎች አይቶ ሊያረጋግጥ ይችላል፦ የትምህርት ቤት ሰነድ፣ የሥራ ደብተር፣ የውትድርና ደብተር፣ የድሮ ፓስፖርት። እዚህ ላይ ያለ ጠበቃ አይሞከርም። «ጠፍቷል» ወይም «የለንም» የሚል መልስ ከቢሮ ስታገኙም በጽሑፍ ተቀበሉት። ለፍርድ ቤቱ መነሻ እሱ ነው።

አምስተኛ፦ ስሞቹን ማገናኘት

ከአያት እስከ እናንተ እያንዳንዱ ትውልድ በወረቀት መያያዝ አለበት። አያት ተወልደዋል፣ አግብተው ስም ለውጠዋል፣ እናትን ወልደዋል፤ እናት አግብታ ስም ለውጣለች፣ እናንተን ወልዳለች። የልደት ወረቀት ብቻ አይበቃም። ስም በተለወጠበት ቦታ ሁሉ የጋብቻ ወይም የፍቺ ወረቀት ይግባ።

ለእኛ ሰው ችግሩ ድርብ ነው። እዚያ አንድ ሰው የቤተሰብ ስም፣ የራስ ስምና የአባት ስም አለው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። አባቱ ከበደ፣ አያቱ ወልዴ የሆነ ልጅ ካርኪቭ ሲወለድ መዝጋቢው ወልዴን የቤተሰብ ስም፣ ከበዶቪችን የአባት ስም አድርጎ ጽፎት ሊሆን ይችላል። ከበደን የቤተሰብ ስም አድርጎትም ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ሲመለስ ከበዶቪች የሚባል ነገር የለም፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርቱ ሌላ ቅደም ተከተል ይዟል። የራስ ስሙም ሁለት ሊሆን ይችላል፤ እዚያ አንድሬይ፣ እዚህ እንድሪያስ።

መፍትሔው አንድ ሰው መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰነድ ነው። በኢትዮጵያ የተሰጠ፣ ሁለቱንም ስሞች የሚያያይዝ የወሳኝ ኩነት ወይም የፍርድ ቤት ማረጋገጫ ከወዲሁ አስወጡ። የአባታችሁ ፓስፖርትና የልደት ወረቀታችሁ ላይ ያለው ስም የተለያየ ከሆነም እንደዚሁ። ቆንስላው መስኮት ላይ ደርሶ «ሁለቱም እኔ ነኝ» ማለት አያዋጣም።

ሩሲያኛና ዩክሬንኛም ስም ያለያያሉ። የሶቭየቱ ወረቀት ላይ ኒኮላይ የሆነው በአዲሱ ላይ ሚኮላ ነው፣ ዬሌና ኦሌና ትሆናለች። ይህ የታወቀ ስለሆነ ብዙም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ተርጓሚው ስሙን ከእንግሊዝኛ ወስዶ በራሱ መንገድ ሲጽፈው ነው። ለተርጓሚው የሶቭየቱን ወረቀት ቅጂ ስጡትና «ልክ እንደዚህ ጻፈው» በሉት።

የኢትዮጵያ ወረቀት ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነም ትርጉሙ በግልጽ ወደ ጎርጎርዮሳዊ ይቀይረው። 1977 ላይ ተወልዶ 1985 ላይ የተመዘገበ የሚመስል ልጅ ፋይል ላይ ቢቀመጥ ማብራሪያው ወራት ይወስዳል።

ስድስተኛ፦ ማኅተምና ትርጉም

ዩክሬን ከ2003 ጀምሮ የአፖስቲል ስምምነት አባል ናት፤ አፖስቲል የአንድ አገር ሰነድ በሌላ አባል አገር እንዲታመን የሚያደርግ ማኅተም ነው። አሜሪካ፣ እስራኤልና ጀርመንም ናቸው። የእነዚህ አገሮች ወረቀት አፖስቲል ይታተምበታል፣ ከዚያ ይተረጎማል። ኢትዮጵያ ግን አባል አይደለችም። ስለዚህ የኢትዮጵያ ወረቀት ረዥሙን መንገድ ይሄዳል። ከወሳኝ ኩነት ይወጣል፣ እንደ ሰነዱ ዓይነት በውልና ማስረጃ በኩል ያልፋል፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ አዲስ አበባ ያለው የዩክሬን ኤምባሲ ማኅተም ያሳርፍበታል። ውጭ አገር ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ እዚህ የሚሯሯጥ የቤተሰብ ሰው ወክሉ። ዩክሬን ያወጣቻቸው ወረቀቶች ለዩክሬን ሲቀርቡ ይህ ሁሉ አያስፈልጋቸውም፤ የራሷ ናቸው።

ሰባተኛ፦ ማመልከት

ውጭ የምትኖሩ ከሆነ በዩክሬን ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ታመለክታላችሁ። ዩክሬን ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የምትኖሩ ከሆነ በመንግሥት የፍልሰት አገልግሎት። አዲሱ ሕግ የቋንቋ፣ የታሪክና የሕገ መንግሥት ፈተናም አምጥቷል። ፈተናው በእናንተ መስመር መቼ እንደሚጠየቅ ቀጠሮ ስትይዙ ቆንስላውን በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም አትሙና ፋይላችሁ ውስጥ አስገቡት። ከዩክሬንኛው ፊደል መጀመር ግን ለማንም አይጎዳም። ሩሲያኛ የሚናገር ወላጅ ያለው ሰው ጥሩ መነሻ አለው፤ በሩሲያኛ ግን ፈተና አይታለፍም።

ማመልከቻው ሲጸድቅ የዩክሬን ዜጋ ሆናችሁ መመዝገባችሁን የሚገልጽ ወረቀት ይሰጣችኋል። የውጭ ዜግነቴን እተዋለሁ ብላችሁ የፈረማችሁ ከሆነ መጀመሪያ የምታገኙት ጊዜያዊ መታወቂያ ነው። ከዚያ የሌላውን ዜግነት መተዋችሁን የሚያሳይ ወረቀት ለማቅረብ 2 ዓመት አላችሁ።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያላችሁ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። በአዋጅ 378 አንድ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን መተው የሚችለው የሌላ አገር ዜግነት ካገኘ ወይም እንደሚያገኝ ከተረጋገጠለት ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የዩክሬኑ ምዝገባ፣ ከዚያ ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ማመልከቻ፣ ከዚያ የመልቀቂያውን ማስረጃ ተርጉሞ ለቆንስላው መመለስ። «ቀድሜ ልተወውና ልገላገል» የሚል ሰው ያለ አገር ሊቀር ይችላል።

ሌላ በርም አለ

ዜግነታችሁን መተው የማትፈልጉ፣ ግን ዩክሬን ሄዳችሁ መኖር፣ መማር ወይም መሥራት የምትፈልጉ ከሆነ «የውጭ ዩክሬናዊ» የሚባል ዕውቅና አለ። በማርች 2004 በወጣ ሕግ የተቋቋመ ነው። ነገሩ የእኛን ቢጫ ካርድ ይመስላል። እዚህ ላይ ግን ጥያቄው ይሰፋል። የሚታየው የዩክሬን ብሔር ትውልድ ወይም ከዩክሬን መምጣት፣ ከዚያም ራስን እንደ ዩክሬናዊ መቁጠር ነው። ካዛኪስታን የተወለዱት ዩክሬናዊ አያት እዚህ ይጠቅማሉ። በሶቭየት ወረቀት ላይ ያለው የብሔር መስመርም የሚፈለገው እዚህ ነው። ዕውቅናው ዜጋ ስለማያደርጋችሁ የኢትዮጵያን ዜግነት አይነካም፤ የውትድርና ግዴታም አያመጣም።

ቤተሰባችሁ ከምዕራብ ዩክሬን ከሆነ ደግሞ የጎረቤቶቹን ሕግ ሳታዩ አትወስኑ። ልቪቭ፣ ቴርኖፒል፣ ቮሊን በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ፖላንድ ነበሩ። አያታችሁ ያኔ የፖላንድ ዜጋ ከነበሩና በኋላ ካልጣሉት፣ በ1920ው የፖላንድ ሕግ መሠረት ዜግነቱ በትውልድ ወርዶ እናንተ ጋ ደርሶ ሊሆን ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ፓስፖርት ነው። ቼርኒቭትሲ ከሆነ ሩማንያን፣ ዛካርፓትያ ከሆነ ሃንጋሪን አስቡ፤ ሃንጋሪ ቋንቋውን ትጠይቃለች። የልደት ወረቀቱ ግን ለሁሉም ያው ነው፣ አንዴ ስታስወጡ ሁለት ቅጂ አስወጡ።

ልጆች ካሏችሁ በእናንተ ማመልከቻ ላይ አብረው ሊጠየቅላቸው ይችላል። ከ14 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ ግን የራሱን ስምምነት በጽሑፍ መስጠት አለበት። ወንድ ልጅ ከሆነ ስለ ውትድርናው ያወራነውን አስቀድማችሁ አብራችሁት ተነጋገሩ፤ በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ የሚመለከተው እሱን ነው።